ደጁን ማን አጠናው?

(ለዕቅድና ክትትል ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። አንዳንድ ቦታ ቋንቋውን አስተካክያለሁ። የተናገርኩትን ግን አልቀየርኩም።)

እንደምን አረፈዳችሁ።

በኑዛዜ ልጀምር። ለዓመታት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት፣ የዘጠኝ ወር፣ የዓመት ሪፖርት ጽፌያለሁ። «የመሥሪያ ቤቱ አጠቃላይ አፈጻጸም 98.4 በመቶ ሆኗል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእጄ ጽፌዋለሁ። ነጥብ አራቷን የጨመርኩት እኔ ነኝ። 98 ብቻ ሲሆን የተገመተ ይመስላል። ነጥብ አራት ስትጨመርበት የተለካ ይመስላል።

(እዚህ ጋ አዳራሹ ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ሪፖርት የጻፈ ሰው ነው።)

ያ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ላሳያችሁ። ሰኔ 20 ገደማ ነው። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከየሥራ ክፍሉ በፍላሽ ሠንጠረዥ ይመጣል። አምዶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ተግባር፣ መለኪያ፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ያልተከናወነበት ምክንያት። «ስልጠና መስጠት፤ በቁጥር፤ ዕቅድ 12፤ ክንውን 12፤ 100 በመቶ።» ስልጠናው ሦስት ቀን ይሁን ሦስት ሰዓት አምድ የለውም። የሰለጠነው ሰው ሰኞ ሲመለስ ሥራው ይለወጥ አይለወጥ አምድ የለውም። ቀጥሎ «የዳሰሳ ጥናት ማካሄድ፤ ዕቅድ 2፤ ክንውን 3፤ 150 በመቶ» ይላል። ሦስተኛው ጥናት የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ። የሁለተኛው ጥናት የእንግሊዝኛ ትርጉም ሆኖ ተገኘ። 150 በመቶዋ ሌላ ቦታ 60 በመቶ የቀረችውን ትደጉማለች። አማካይ ይወሰዳል። 98.4።

እዚያው ሕንፃ ሥር፣ በሩ ላይ፣ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል።

አማርኛ ለዚህ ሰልፍ ጥንትም ስም ነበረው። ደጅ ጥናት። ድሮ ጉዳይ ያለው ሰው ከመኳንንቱ በር ላይ ይውላል። ቀን ይገፋል፣ ወር ይገፋል። አንድ ቀን ጌታው ሲወጡ ዓይናቸው ይገባና ጉዳዩ ይነሳል። ዛሬ ጌታው የሉም። መስኮት አለ፣ የወረፋ ቁጥር አለ፣ «ሲስተም የለም» አለ። ደጅ መጥናቱ ግን አልቀረም። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቃሉ ራሱ ነው። «ጥናት» አለበት። የቋንቋ ሰዎች «እዚያ ላይ ትርጉሙ ሌላ ነው» ብለው ሊያርሙኝ ይችላሉ፤ ይሁን። ግን እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ያጠናው ባለጉዳዩ ነው። የትኛው መስኮት ቀድሞ እንደሚዘጋ፣ ኃላፊው በስንት ሰዓት ስብሰባ እንደሚገቡ፣ ማን ሲፈርም ማን እንደሚያጓትት በደንብ ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ ግን የራሱን ደጅ አጥንቶ አያውቅም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይኸው ነው። የአፈጻጸም መለኪያ መሥሪያ ቤትን ያዘምናል። ግን ከደጅ ሲጀምር ነው። ከጠረጴዛ የጀመረ እንደሆነ የሚዘምነው ሪፖርቱ ነው።

የለውጥ መሣሪያ አጥሮን አያውቅም። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር አምስት ዘርፍ ነበረው፤ የወጪ አስተዳደር፣ የሰው ኃይል፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓት፣ ሥነ ምግባር። ከዚያ ቢፒአር መጣ፤ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ። ከዚያ የመሥሪያ ቤትን ሥራ ከብዙ ጎን የሚለካው ቢኤስሲ። ከዚያ ከጃፓን ጋር በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ ካይዘን፤ ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ ማሻሻል ማለት ነው። ከዚያ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ የዜጎች ቻርተር። ግድግዳችን ላይ ሁሉም ተለጥፈዋል። አንዱ ሳይነሳ ሌላው ይደረብበታል።

መሣሪያዎቹን ልሰድብ አልመጣሁም። ቢፒአር ጥሩ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። «ይህ ፊርማ ከነጭራሹ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ። በዚያ ጊዜ ፋይል ስምንት ጠረጴዛ ይዞር የነበረበት ቦታ ሁለት ጠረጴዛ ሲቀረው አይቻለሁ። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው።

ቢኤስሲን እንውሰድ። ሁለት አሜሪካውያን፣ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን፣ አሥራ ሁለት ኩባንያዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የሐርቫርድ መጽሔት ላይ ጻፉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራ አስኪያጅ ሒሳብ ብቻ እያየ ድርጅት አይመራም። ገንዘቡን ይይ፤ ግን ደንበኛውንም፣ የውስጥ አሠራሩንም፣ ድርጅቱ እየተማረ መሆን አለመሆኑንም ይይ። ከአውሮፕላን አብራሪ ፊት ካሉት ጠቋሚዎች ጋር አመሳስለውታል። ነዳጅ ብቻ እያየ የሚበር አብራሪ የለም።

እኛ ጋ ሲደርስ ይህ ነገር ወደ ታች ወረደ። «ካስኬድ ተደረገ» እንላለን። ከመሥሪያ ቤት ወደ ሥራ ሂደት፣ ከሥራ ሂደት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ እያንዳንዱ ፈጻሚ። ለአብራሪው የተሠራው ጠቋሚ የተማሪ ካርድ ሆነ። ሠራተኛው በየስድስት ወሩ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ደግሞ ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደር ይቆጠርለታል።

እስቲ አንድ የቡድን መሪ አስቡ። ስምንት ሰው አለው። የአንዷ ባል ሥራ ፈቷል። አንዱ ለሠርጉ ተበድሯል። አንዱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አይሠራም፤ ግን ከቡድን መሪው ጋር ሰፈራቸው አንድ ነው፣ ዕድራቸውም አንድ ነው። ለማን 62 ይስጥ? «በሰው እንጀራ አልገባም» ይላል። ለሁሉም 90 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ይህን በክፋት አላየውም። እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚዋሸው። መለኪያ ከእንጀራ ጋር ሲታሰር መለኪያነቱ ይቀራል፤ እንጀራ ይሆናል። እንጀራ ደግሞ ይከፋፈላል እንጂ አይለካም።

ጉልት ላይ በርበሬ ወይም ምስር በጣሳ ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአጋጣሚ አይደለም። ከላይ ስታዩት ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ቁልል ብሎ ይፈሳል። ዋጋው በጣሳ እስከሆነ ድረስ የጣሳውን ቂጥ መምታት በርበሬ ከመጨመር ይቀላል። ቻርልስ ጉድሃርት የሚባል እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ይህንኑ አለ። አንድን አኃዝ ለመቆጣጠሪያ ብላችሁ ስትጫኑት እንደ ድሮው አመላካች መሆኑ ይቀራል። ዛሬ «የጉድሃርት ሕግ» ይሉታል። የጣሳ ሕግ ብንለውም ያው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን ልውሰዳችሁ።

የቶኒ ብሌር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ጤና አገልግሎቱ ትልቅ ዕቅድ አወጣ። ከውስጡ ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ማንም ሰው የቤተሰብ ሐኪሙን በ48 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። ጥሩ አይደል? ክሊኒኮቹ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ ከ48 ሰዓት በላይ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ አቆሙ። ቀጠሮ ካልተያዘ ማን ዘገየ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2005 ምርጫ ዘመቻ ላይ ብሌር በቴሌቪዥን ሕዝብ ፊት ቀርበው ነበር። አንዲት ሴት ተነስታ «ሐኪሙ ልጅሽን ከሳምንት በኋላ ልየው ይላል፤ ክሊኒኩ ግን ያን ያህል አስቀድሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ስልክ ላይ ተቀምጦ መደወል ነው» የሚል ቅሬታ አቀረበች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መደንገጣቸው በፊታቸው ይታይ ነበር። ይህን ሰምተው አያውቁም። ሌሎችም ከአዳራሹ «እኛም ጋ እንደዚያው ነው» አሉ። ልብ በሉ፤ ሪፖርቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ደጁ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው የድንገተኛ ክፍል ነው። የገባ ሕመምተኛ በአራት ሰዓት ውስጥ ታክሞ መሄድ፣ መተኛት ወይም መዛወር አለበት። ይህ ለ98 በመቶው ሰው እንዲሟላ ተጠየቀ። የሕመምተኛ መውጫ ሰዓት በሥዕል ሲቀመጥ ደስ የሚል ነገር ታየ። አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የሚሸኘው ሰው ቁጥር እንደ ተራራ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ድንገት የሚድን ይመስል። አንዳንድ ሆስፒታል ደግሞ አምቡላንሶች ሕመምተኛ እንደጫኑ ውጭ ይቆሙ ነበር፤ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከገባ ነውና።

እንግዲህ ብዙ ተናጋሪ ታሪኩን እዚህ ያቆመዋል። «መለኪያ አይረባም» ብሎ ይጨርሳል። እኔ አላቆምም። በኋላ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ያንኑ ተራራ አጥንተው ያገኙት ሌላ ነው። የአራት ሰዓቱ ግብ የጥበቃ ጊዜን ቀንሷል፤ የሞተውንም ሰው ቁጥር ቀንሷል። በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ መሯሯጡ ማታለል ብቻ አልነበረም። ከውስጡ እውነተኛ ሥራ ነበረበት። ግቡ በኋላ ወደ 95 በመቶ ዝቅ አለ። ዝቅ ብሎም እንግሊዝ አገር ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አላሟላችውም። ጣሳው ቂጡ ቢጎደጉድም በርበሬ ጨምሮ ነበር ማለት ነው። መለኪያን የሚያጣጥል ሰው ይህን መመለስ አለበት።

ታዲያ መለኪያ ያለ ጣሳ ጨዋታ የሠራበት አለ ወይ? አለ፤ ሙሉ በሙሉ ንጹህ ባይሆንም። ኒው ዮርክ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሏል። በ1994 ዊልያም ብራተን የፖሊስ ኮሚሽነር ሆነ። ምክትሉ ጃክ ሜፕል የሚባል፣ ከምድር ውስጥ ባቡር ፖሊስነት ተነስቶ የመጣ ሰው ነው። ባንድ ምግብ ቤት ናፕኪን ላይ አራት ነገር ጻፈ ይባላል። ትክክለኛና ትኩስ መረጃ። ፈጥኖ መድረስ። የሚሠራ ዘዴ። አራተኛው ደግሞ ሳይታክቱ መከታተል። ከዚህ «ኮምስታት» የሚባለው ስብሰባ ወጣ። የጣቢያ አዛዡ ከፊት ይቆማል፤ ካርታው ይታያል። «እዚህ ጥግ ላይ ባለፈው ሳምንት ሦስት ዝርፊያ አለ፤ ምን አደረግህ?» በ1998 ግድያው ከ650 በታች ወረደ። ሁሉም በኮምስታት አይደለም፤ በዚያው ጊዜ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ወንጀል ቀንሷል። ግን ሥራውን ለውጦታል።

ኋላ ጣሳው እዚያም ደረሰ። ብሩክሊን ውስጥ ባንድ ጣቢያ ወንጀል አሳንሶ መመዝገብና አቤቱታ አለመቀበል እንደነበረ የፖሊሱ የራሱ ምርመራ አረጋገጠ። አዛዡ ከፊት ቆሞ ሲፋጠጥ፣ ታች ያለው ፖሊስ ቁጥሩን ማሳነስ ይማራል።

እኔ የምወደው ግን ባልቲሞርን ነው። የከተማው ከንቲባ ማርቲን ኦማሊ ኮምስታትን ከፖሊስ አውጥቶ ወደ ቆሻሻ ማንሳት፣ ወደ መንገድ ጥገና፣ ወደ ቤቶች አመጣው። ሜፕልንም ለማማከር ጠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀመረ፤ ሲቲስታት አሉት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከፊት ይቆማል። መጀመሪያ ስለ ታላላቅ ስትራቴጂ አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ ቀሪ ሠራተኛና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ማን ስንት ቀን ታመመ ተብሎ ቀረ? ለምን ሰኞ ብዙ ሰው ይታመማል? ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በቀሩት ምክንያት ነው ወይ? ቀላል፣ ትንሽ፣ የሚያሳፍር ጥያቄ። ከዚያ ወደ ጉድጓድ ዞሩ። ከተማው ቃል ገባ፤ መንገድ ላይ ጉድጓድ አለ ብላችሁ ከደወላችሁ በ48 ሰዓት ይደፈናል። ሰዓቱ የሚጀምረው ዜጋው ከደወለበት ነው። የሚቆመው ጉድጓዱ ሲደፈን ነው። ደጅ ማለት ይህ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የሚለውን አስምሩበት። የእኛ ሪፖርት በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ ተጠናቅሮ፣ ተጠርዞ፣ ፎቶ ተለጥፎበት። በሦስት ወር የመጣ መረጃ ለታሪክ ጸሐፊ ነው። ለሥራ አይሆንም። ሌላም ልዩነት አለ። እኛ ሪፖርት ሲቀርብ «ጥሩ ነው፤ የታዩ ክፍተቶች ይስተካከሉ» ብለን እናጨበጭባለን። እነሱ ባለፈው ስብሰባ የተባለውን ያነሳሉ። ያ አራተኛው፣ ሳይታክቱ መከታተሉ፣ ሁሉንም ያነቃዋል። በእኔ ልምድ የሚጎድለንም ያው ነው።

ሩዋንዳን ማለፍ የለብኝም። «ኢሚሂጎ» ይባላል። ጥንት ጦረኛው በንጉሡ ፊት ይህን አደርጋለሁ ብሎ የሚፎክረው ነው። እኛ ፉከራ የምንለው ዓይነት። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረዳ ከንቲባዎች ከፕሬዝዳንቱ ጋር የሚፈራረሙት የሥራ ውል ሆኗል። በዓመቱ መጨረሻ በደረጃ ይወጣል። ጥሩ የሆነው ከሕዝቡ ባህል ውስጥ መውጣቱ ነው። ስሙ ለገበሬውም ይገባዋል። የእኛ «ካስኬዲንግ» ለማን ይገባል? ግን ፉከራ መልካም ጎኑም ክፉ ጎኑም አንድ ነው፤ ከፎከሩ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ስለማይቻል የታችኛው ሹም ሕዝቡን ሊያስጨንቅ ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሁለት ነገር ብቻ።

በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ተካሄደ። ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሄደው እናቶችን ጠየቁ፤ የክትባት ካርድ አዩ። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት 39 በመቶ ሆኑ። ፔንታቫለንት የሚባለውን ሦስት ጊዜ የወሰዱት ደግሞ 53 በመቶ። በዚያው ዘመን ከጤና ተቋማት ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት ግን ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ነበር። ነርሶቹ ዋሹ እንዴ? አንዳንዱ ይዋሽ ይሆናል። ትልቁ ችግር ግን ሒሳቡ ነው። በመቶኛ ለማውጣት የተከተቡትን ለሕፃናቱ ቁጥር ታካፍላላችሁ። ወረዳው ውስጥ ስንት ሕፃን አለ? የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በግምት ነው። ሰው ፈልሶ የገባበት ወረዳ ከ100 በመቶ በላይ ይከትባል። ሰው የወጣበት ሁልጊዜ ሰነፍ ይባላል። በዚህ ቁጥር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ብትመዝኗት የምትመዝኑት እሷን አይደለም። የአሥራ ምናምን ዓመት ግምትን ነው።

ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ለዓመታት ፈተና ይሰረቅ ነበር፣ በቡድን ይሠራ ነበር፣ ሁሉም ያውቃል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ላይ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እዚያው አድረው ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከዚያ 5.4። አገሩ ጮኸ። እኔ ግን ያን ቀን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትንሽ እፎይ አልኩ። ጣሳው ተቃንቶ ሲሰፈር በርበሬው ይህን ያህል ብቻ ነበር። ያማል። ግን 3.3 መልስ አይደለም። «ልጁ ስንተኛ ክፍል ላይ ጠፋብን?» የሚል ጥያቄ ነው። ከ12ኛ ክፍል ተማሪ መልሱን አታገኙትም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሄዳችሁ ልጁ ማንበብ ይችል እንደሆነ ማየት ነው።

አሁን «መሶብ» የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መጥቷል። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ባንድ ጣራ ሥር። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ላይ መቁረስ ነው። ለእኛ ለዕቅድ ሰዎች የሚያስደስተው ግን ሌላ ነው። ወረፋ በማሽን ሲያዝ ሰዓቱ ይመዘገባል። መቼ ተጠራ፣ መቼ ተስተናገደ፣ ያለ ማንም ሪፖርት ይታወቃል። ድሮ ይህን ለማግኘት ጥናት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። የለንደኑን አምቡላንስ አስታውሱ። ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ቁጥር ከተወሰደ በኋላ ነው። ቁጥር ለመውሰድ የተሰለፈው፣ «አንድ ሰነድ ይጎድልሃል» ተብሎ የተመለሰው፣ ማሽኑ ውስጥ የለም።

የደጁን ነገር እንዴት ተማርኩት? ከአንድ የበር ጥበቃ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ሰልፉን አይቼ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገባ?» አልኳቸው።

«የትኛውን ነው የምትለኝ? አዲሱን ወይስ ተመላላሹን?» አሉኝ።

ቆምኩ። ስድስት ዓመት ሪፖርት ስጽፍ ባለጉዳይ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስቤ አላውቅም። እሳቸው ግን በሩ ላይ ሆነው ለይተውታል። ቢሮ ገብቼ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «ሞክረው» አሉኝ፤ ወጪ ስለሌለው ይመስለኛል።

ወረቀት በአራት ቆራረጥን። ጋሼ ለገባው ሁሉ አንዳንድ ይሰጣሉ፤ የገባበትን ሰዓት ጽፈው፣ «ስንተኛ ጊዜዎ ነው? ዛሬ ለምን መጡ?» ብለው ጠይቀው። ሲወጣ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ሳጥን ስንፈልግ የአስተያየት መስጫው ታወሰን። ቁልፉ ጠፍቶ ነበር። ሰበርነው። ውስጡ ሁለት የማስቲካ ልጣጭና «ሽንት ቤቱን ክፈቱልን» የምትል አንዲት ወረቀት ነበረች። (ሽንት ቤቱም በዚያው ተከፈተ። በኔ ዕድሜ ያየሁት ፈጣኑ ለውጥ ያ ነው።)

ሦስት ሳምንት ቆጠርን። ከሰልፉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው አገልግሎት ሊጠይቅ አልመጣም ነበር። «ጉዳዬ አልቋል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ያለቀውም ያላለቀውም አንድ ላይ ይሰለፋል። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ቀኑን ሙሉ መዝገብ እያገላበጠች «ገና ነው፣ ገና ነው» ስትል ትውላለች። በዚያ ምክንያት አዲሱ ፋይል አይነካም። አዲሱ ስለማይነካ ነገ ተመላላሹ ይበዛል። ወረፋው ራሱን ይወልዳል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነበር። ያለቁ ፋይሎች ቁጥር በየጠዋቱ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ስልክ ያለው ይደወልለት። በሁለተኛው ወር ሰልፉ ከበሩ ገባ። በሦስተኛው ወር መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ አራት ሰዓት ላይ ቡና ስትጠጣ አየኋት። ጋሼ ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ደረሰ። «አገልግሎት የተሰጣቸው ተገልጋዮች ብዛት» የሚል መለኪያ አለን። ዕቅዱ ካለፈው ዓመት አሥር በመቶ ተጨምሮበት ነው የተያዘው። ክንውኑ 54 በመቶ ሆነ። በቀይ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅም በዚያው ስሌት ነጥቧ ወረደ። «ያልተከናወነበት ምክንያት» የሚለው አምድ ባዶ ይጠብቀኛል። አሰብኩና «ባለጉዳዩ መመላለስ ስላቆመ» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አነበቡት። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቀጥ አድርገው «ልክ ነህ፤ ግን ይሄንን ላይ ማን ያምነናል?» አሉ።

የመጨረሻው ሪፖርት ታትሞ ሲወጣ አምዱን ፈልጌ አየሁት። «በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት» ይላል።